ልቡ የደከመ ሰው ይተኛ ወይስ ይራመድ?

(በሬዲዮ ዝግጅታችን የቀረበ ንግግር)



  ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ደም ግፊት ከተነጋገርን በኋላ አንዲት እህታችን በስልክ ያቀረበችልን ጥያቄ ለዛሬው ንግግራችን መነሻ ሆኖናል። እናቷ ‹‹ልባቸው ደክሟል›› ተብለው ሆስፒታል ተኝተው ከወጡ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ልጆቻቸው ከአልጋ እንዲወርዱ አይፈቅዱላቸውም። የውዱእ ውሃ የሚቀርብላቸው እዚያው አልጋቸው ላይ ነው፤ የሚሰግዱትም ተቀምጠው ነው። እሳቸው ግን ‹‹ቆሜ ልስገድ፣ ደጅ ወጥቼ ፀሐይ ልሙቅ›› እያሉ ልጆቻቸውን መለመን ይዘዋል። እህታችን ‹‹እኛ ደግሞ ልባቸው ቀጥ እንዳይልብን ፈራን። ማናችን ነን ልክ?›› ስትል ጠየቀችን።

መልሱን በአጭሩ አስቀድመን እንናገር። ሐኪማቸው አይቶ የሚከለክል ነገር ካላገኘባቸው ልክ የሆኑት እናትዮዋ ናቸው። ለምን እንዲህ እንዳልን ግን ሰፋ አድርገን ማስረዳት ይኖርብናል።

በቅድሚያ በስሙ ላይ እንግባባ። በአገራችን ‹‹የልብ ድካም›› የሚባሉት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ሰው ደረቱን ይዞ በድንገት ሲወድቅ ‹‹በልብ ድካም ሞተ›› እንላለን። ይህ ልብን ራሷን የሚመግበው የደም ሥር በድንገት ሲዘጋ የሚደርስ አደጋ ነው። ዛሬ የምንነጋገርበት ግን ሐኪሞች ‹‹ሀርት ፌይለር›› የሚሉት ሲሆን፣ ልብ ሥራዋን ሳታቆም ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅታት የሚመጣ፣ ከሰው ጋር ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ነው። ምልክቶቹን ብዙ ቤተሰብ ያውቃቸዋል። እግር ያብጣል፣ ጫማ አልገባ ይላል። ትንሽ ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል። ጋደም ሲሉ አየር ያንሳል፤ አንድ የነበረው ትራስ ሁለት፣ ሦስት ይሆናል። ሌሊት ታፍኖ ብድግ ማለት ይመጣል።

ስሙ ራሱ ሳይጎዳን የቀረ አይመስለንም። የደከመው ሰው መድኃኒቱ ዕረፍት ነው። ሲያርስ የዋለ ገበሬ ይተኛል፣ ጠዋት ብርቱ ሆኖ ይነሳል። ስለዚህ ‹‹ልባቸው ደክሟል›› የተባለ ቤተሰብ ቶሎ ብሎ ወደ ፍራሽና ወደ ትራስ ይሮጣል። ይህ ድካም ግን በእንቅልፍ የሚወጣ ዓይነት ድካም አይደለም።

በእኛም ቤት የሆነው ይኸው ነበር። አባታችን፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ደሴ ከተማ ውስጥ 40 ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ሰው ነበሩ። ልባቸው ደክሞ ሆስፒታል ተኝተው ሲወጡ የመውጫ ወረቀቱን የሰጠን ሰው ‹‹ዕረፍት ያድርጉ›› ከማለት በቀር ሌላ አልነገረንም። እኛም ‹‹ዕረፍት›› ማለት ለስንት ቀን ነው? ምን ዓይነት ዕረፍት ነው? ብለን አልጠየቅንም። አልጋቸውን ወደ ሳሎን አወጣን። ምግባቸው፣ የውዱእ ውሃቸው፣ ሬዲዮናቸው ሁሉ እጃቸው ሥር ቀረበ። ሊጠይቅ የሚመጣው ጎረቤት ሁሉ ‹‹አደራችሁን፣ እንዳይነሱ›› እያለን ይሄዳል። ተነስተው ካገኘናቸው እንቆጣቸው ነበር። ልጅ አባቱን ሲቆጣ! ዛሬ ስናስታውሰው ያሳፍረናል፤ ያን ጊዜ ግን ሐቃቸውን የተወጣን ነበር የመሰለን።

በአምስተኛው ወር አንድ ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና ወደቁ። አልሐምዱሊላህ፣ አጥንታቸው አልተሰበረም። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ወሰድናቸው። ሐኪሙ ደረታቸውን አዳመጠ፣ ቁርጭምጭሚታቸውን ተጭኖ አየ። እብጠት የለም፤ ሳንባቸውም ላይ ውሃ የለም። ከዚያ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሰብስቦ ባታቸውን አሳየንና ‹‹ልባቸውስ ደህና ይዟል፤ እግራቸውን ምን አደረጋችሁት?›› አለን። የአባታችን ባት የልጅ ክንድ አክሎ ነበር።

እርግጥ ነው፣ ሐኪሞችም ቢሆኑ ለረጅም ዘመን ከእኛ የተለየ አላደረጉም። እስከ 1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ልቡ ለደከመ ሰው የሚሰጠው ዋናው ምክር ዕረፍት ነበር። ምክንያት አልነበራቸውም ለማለት አንችልም። ዛሬ ያሉት መድኃኒቶች ባልነበሩበት ጊዜ ሰውየውን ማስተኛት ለልብ ሥራ ያቀልላታል፤ ኩላሊትም የተጠራቀመውን ውሃ እንዲያስወጣ ያግዛል። ዛሬም ቢሆን ሕመሙ ጠንቶበት ትንፋሽ አጥሮት ሆስፒታል የገባ ሰው በመጀመሪያ ማረፍ ይኖርበታል። ስህተቱ የጥቂት ቀናቱን ዕረፍት የወራትና የዓመታት ማድረጉ ላይ ነበር።

መተኛት በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ምን እንደሚያደርስ በ1966 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ታይቷል። ተመራማሪዎች 20 ዓመት የሞላቸው አምስት ጤነኛ ወጣቶችን ለሦስት ሳምንት አልጋ ላይ አስተኟቸው። ሲነሱ ሰውነታቸው በሥራ ጊዜ ኦክስጅን የመጠቀም አቅሙ ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ እነዚያው ሰዎች 50 ዓመት ሲሆናቸው፣ እንደገና ተመረመሩ። በ30 ዓመት ዕድሜ ያጡት አቅም በሦስት ሳምንት አልጋ ካጡት ያነሰ ነበር። እንግዲህ ሃያ ዓመት የሞላው ጎረምሳ በሦስት ሳምንት እንዲህ ከሆነ፣ የ65 ዓመት አዛውንት በአምስት ወር ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

ታዲያ የደከመችውን ልብ ማሠራት አይጎዳትም ወይ? የሚል ጥያቄ መነሳቱ አይቀርም። ይህን ለመረዳት ትንፋሽ የሚያጥረው የት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ልብ ስትዳከም ሰውነት የደረሰበትን ጉድለት ለመሸፈን እንደ አድሬናሊን ያሉ ቅመሞችን አብዝቶ ያመነጫል። እነዚህ የደም ሥሮችን ያጠባሉ። ወደ እግር ጡንቻ የሚሄደው ደም ያንሳል። ሰውየው ሲተኛ ደግሞ ጡንቻው ሥራ ስለሚያጣ ይከሳል፤ በውስጡ ኃይል የሚያመነጩት ጥቃቅን ክፍሎችም ይቀንሳሉ። እንዲህ ያለ እግር አሥር እርምጃ ሲራመድ ቶሎ ይዝላል፣ አሲድ ያመነጫል፣ ‹‹ደከመኝ›› የሚለውን መልእክት ወደ አንጎል ይልካል። አንጎልም ‹‹ተንፍስ፣ ተንፍስ›› ብሎ ያዛል። ስለዚህ ሰውየው ቁና ቁና የሚተነፍሰው በልቡ ምክንያት ብቻ አይደለም፤ የከሳው እግሩም ድርሻ አለው። ከዚያ ‹‹ተራመድኩና ታመምኩ›› ብሎ የባሰ ይተኛል። የባሰ ሲተኛ እግሩ የባሰ ይከሳል።

ይህን አዙሪት መስበር እንደሚቻል ካሳዩት ጥናቶች አንዱ በ1988 እ.ኤ.አ. ከአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ነው። ልባቸው ክፉኛ የተዳከመ 12 ሕመምተኞች ለወራት በክትትል ስፖርት ሠሩ። ኦክስጅን የመጠቀም አቅማቸው ከ20 በመቶ በላይ ጨመረ። የሚያስገርመው ልባቸው ደም የመርጨት አቅሟ ብዙም አለመለወጡ ነው። የተለወጠው እግራቸው ነበር፤ የሚደርሰውን ደም ይበልጥ መጠቀም ቻለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ በእንግሊዝ አገር ኦክስፎርድ 11 ሕመምተኞች በቤታቸው ብስክሌት ማሽን ላይ ለስምንት ሳምንት ሠርተው ተመሳሳይ መሻሻል አሳዩ።

አሥራ ሁለትና አሥራ አንድ ሰው ጥቂት ነው የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በዚህ ጉዳይ እስካሁን ከተደረጉት ትልቁ የሚባለው፣ ኤችኤፍ-አክሽን የተሰኘው ጥናት ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታተመ። በአሜሪካ፣ በካናዳና በፈረንሳይ በሚገኙ 82 ማዕከላት 2,331 ሕመምተኞች ተካፍለውበታል። ጤነኛ ልብ በአንድ ምት በግራ ክፍሏ ከያዘችው ደም ከግማሽ በላይ ትረጫለች፤ የእነዚህ ግን 35 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ነበር። ግማሾቹ ከተለመደው ሕክምና በተጨማሪ ስፖርት ታዘዘላቸው፤ መጀመሪያ 36 ጊዜ በባለሙያ ፊት፣ ከዚያም በቤታቸው በሳምንት አምስት ቀን 40 ደቂቃ እንዲሠሩ።

ውጤቱን ሳናጋንን እንናገር። በተከታዮቹ ዓመታት የሞቱት ወይም ሆስፒታል የገቡት ከስፖርተኞቹ 65 በመቶ፣ ከሌሎቹ 68 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ አጥኚዎቹም በመጀመሪያው ስሌት ‹‹አረጋግጠናል›› ለማለት አልደፈሩም። ስለዚህ ‹‹ስፖርት የሠራ ሕመምተኛ አይሞትም›› የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። አጀልም በአላህ እጅ ነው። ነገር ግን ከዚያ ጥናት ሁለት ነገር ጸና። አንደኛው፣ እንቅስቃሴው ሕመምተኞቹን አልጎዳቸውም፤ እህታችን የፈራችው ነገር ስፖርት በሠሩት ላይ በዝቶ አልታየም። ሁለተኛው፣ ኑሯቸው ተሻሻለ፤ ትንፋሻቸው፣ አቅማቸው፣ ሐዘንና ትካዜያቸውም ጭምር። አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የታዘዘላቸውን ያህል ደቂቃ በትክክል የሠሩት ከሦስቱ አንዱ ገደማ ብቻ ነበሩ። መሥራት ከባድ ነው፤ ብቻውን ለሚሠራ ሰው ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ቤተሰብ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው በ2024 እ.ኤ.አ. ሲገመገሙ 60 ጥናቶችና 8,728 ሕመምተኞች ሆነዋል። ሆስፒታል መመላለስ እንደሚቀንስና የዕለት ኑሮ እንደሚሻሻል ያሳያሉ። በመጀመሪያው ዓመት በሞት ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልተገኘም።

ለእኛ አገር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር እንበል። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሕመም በአብዛኛው የሽማግሌዎች ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 1,006 ሕመምተኞችን የተከታተለ ጥናት ግን አማካይ ዕድሜያቸውን 52 ዓመት ሆኖ አገኘው። ዋናው መንስኤም የደም ግፊት ነበር። 52 ዓመት ማለት ገና ልጅ የሚያስተምር፣ ሱቅ የሚከፍት፣ ቤት የሚያስተዳድር ሰው ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አልጋ ላይ ስናስቀረው አብሮት የሚወድቀው ቤተሰብ ነው።

እንግዲህ እንዴት ይጀመር? ሐኪሙ ‹‹ጀምሩ›› ካለ፣ የሚያስፈልገው ጠፍጣፋ ቦታና አብሮ የሚሄድ ሰው ነው። የሩጫ ማሽን በየቤታችን የለም፤ ባይኖርም አይጎዳም። ለአባታችን የተፈቀደላቸው በመጀመሪያው ሳምንት 5 ደቂቃ ብቻ ነበር፤ ከሳሎን እስከ አጥሩ በር፣ በቀን ሦስት ጊዜ። እዚያው የሚያርፉበት ዱካ አስቀመጥንላቸው። በየጥቂት ቀኑ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ይጨመራል። ቀስ በቀስ በአብዛኛው የሳምንቱ ቀናት 30 ደቂቃ መድረስ ጥሩ ነው፤ በአንድ ጊዜ ካልተቻለ ለሦስት ተከፋፍሎም ይሆናል።

ልኩን በምን እናውቃለን? በወሬ ነው። ሕመምተኛው እየተራመደ ከአጠገቡ ካለው ሰው ጋር ሙሉ ዓረፍተ ነገር ማውራት መቻል አለበት። ቃል በቃል እየቆረጠ ከሆነ ፈጥኗል፤ ይቀንስ። መንዙማ ማዜም የሚችል ከሆነ ደግሞ ትንሽ መጨመር ይችላል። የልብ ምት መቁጠር ብዙ ሰው ይወዳል። ነገር ግን እንደ ካርቬዲሎልና ሜቶፕሮሎል ያሉ ምትን የሚያረጋጉ መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ምቱ እንደሌላው ሰው ስለማይጨምር ቁጥሩ ያሳስታል። ሌላው መለኪያ ማግሥቱ ነው። ዛሬ ተራምዶ ነገ ቀኑን ሙሉ የዛለ ሰው ትናንት ከልክ አልፏል።

ደሴን የመሰለ ዳገታማ ከተማ ለሚኖሩ አንድ ነገር እናስጠንቅቅ። መስጂዳችን ከቤታችን ቁልቁል ነበር። አባታችን የመጀመሪያ ቀን በደስታ ወረዱ፤ ሲመለሱ ግን ዳገቱ ግማሽ ላይ አስቀመጣቸው። ቁልቁለት ያታልላል። ሰው ጉልበቱን የሚጨርሰው ሲመለስ ነው። ስለዚህ ገና የሚጀምር ሰው ከቤቱ ወደ ላይ ይሂድ፤ ሲደክመው ቁልቁል ይመለሳል። ከዚህ የተሻለው ደግሞ ሜዳ ፈልጎ መመላለስ ነው። የደጋው የሱብሒ ብርድም ለልብ ከባድ ነው፤ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ወይም ከዐስር በፊት ይሻላል። ምግብ በልቶ ወዲያው መራመድም ጥሩ አይደለም፤ አንድ ሰዓት ይጠበቅ።

መራመድ ብቻውንም አይበቃም። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ሕመሙ ጠንቶባቸው ሆስፒታል የገቡ 349 አረጋውያንን ይዞ፣ ጽናትን ብቻ ሳይሆን ጉልበትን፣ ሚዛን መጠበቅንና መንቀሳቀስን አለማመዳቸው። አማካይ ዕድሜያቸው 73 ገደማ ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ሰውነታቸው ምን ያህል እንደሚታዘዝላቸው ከ12 ነጥብ ሲለካ የተለማመዱት 8.3፣ ያልተለማመዱት 6.9 አገኙ። በአገርኛ ብንተረጉመው ከወንበር ያለ ሰው እርዳታ የመነሳት ጉዳይ ነው። ይህን ቤት ውስጥ ማድረግ ይቻላል። ጠንካራ ወንበር ግድግዳ ይደገፍ፤ ሰው አጠገብ ይቁም፤ ቀስ ብሎ መነሳት፣ ቀስ ብሎ መቀመጥ። በሦስት ጀምሮ ወደ አሥር ማድረስ ነው። በሚነሱበት ጊዜ ትንፋሽ መያዝ አይገባም። ጀሪካን ማንሳትና ጆንያ መሸከም ግን ከዚህ ጋር አይቆጠርም፤ እሱ ይቅር።

አሁን ደግሞ መራመድ የማይገባው ማን ነው? ይህን ክፍል እባካችሁ በጥሞና አድምጡ። ተቀምጦ እያለ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን የሳተ ወይም ሊስት የደረሰ፣ ልቡ በአዲስ መልክ የተዘበራረቀ ምት የጀመረችበት፣ ትኩሳት ያለበት ሰው አይራመድ፤ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። እንዲሁም በሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ የጨመረ ሰው የወፈረ እንዳይመስላችሁ፤ ውሃ እየጠራቀመ ነው። ሚዛን ያላችሁ ሕመምተኛውን በየጠዋቱ ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት መዝኑና ጻፉ። ሚዛን የሌላችሁ የካልሲው ምልክት እግሩ ላይ ምን ያህል እንደሚጠልቅ፣ የሚተኛበት ትራስ ስንት እንደደረሰ እዩ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስቡን በሩማቲክ የልብ ሕመም የልባቸው በር የጠበበባቸው ወጣቶች ናቸው። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው ይህ በሽታ በአገራችን ብዙ ወጣት ሴቶችን ይዟል። የጠበበ በር ያላት ልብ ደም የምትቀበልበት ጊዜ ትሻለች። ምቷ ሲፈጥን ያ ጊዜ ያጥራል፤ ደም ወደ ሳንባ ይመለሳል። ስለዚህ ለአባታችን መድኃኒት የሆነው ዳገት ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ አደጋ ሊሆን ይችላል። ‹‹ሬዲዮ ላይ ሰማሁ›› ብላችሁ ማንንም ሕመምተኛ ጎትታችሁ እንዳታወጡ። በአልትራሳውንድ ልቡ የታየ፣ መንስኤው የታወቀ፣ ሕመሙ የተረጋጋ ሰው ነው የሚጀምረው። ሐኪሙ የ6 ደቂቃ የእግር ጉዞ ምርመራ እንዲያደርግለትም ጠይቁ። 30 ሜትር ኮሪደርና ሰዓት ይበቃዋል፤ ሰውየው በስድስት ደቂቃ ስንት ሜትር እንደሄደ ይጻፋል፤ ከሦስት ወር በኋላ ይነጻጸራል።

ስለ መድኃኒትም አንድ ቃል። እንቅስቃሴ በኪኒን ላይ ይጨመራል እንጂ ኪኒንን አይተካም። አባታችን ሁልጊዜ ዓርብ ዓርብ ውሃ የሚያስወጣውን ኪኒናቸውን፣ ላሲክስን፣ ይደብቁ ነበር። ጁሙዓ ላይ ሽንት እንዳያስቸግራቸውና ውዱአቸው እንዳይፈርስ ነው። ቅዳሜ እግራቸው ያብጣል፤ እኛ ምክንያቱ አይገባንም። ነገሩ የታወቀው ከኪሳቸው ሦስት ፍሬ ስናገኝ ነው። ሐኪሙ ሲሰማ አልተቆጣም፤ ‹‹ዓርብ ከጁሙዓ መልስ ይዋጡት›› ብሎ ሰዓቱን ብቻ ለወጠላቸው። ስንት ሰው እንዲህ በአፍረት ዝም ብሎ ይጎዳ ይሆን?

ሰላትን በተመለከተ፣ ሰላት ዒባዳ ነው፤ ስፖርት ብለን አንጠራውም። ነገር ግን ሰጋጁን የሚያውቀው ሰው ሕመሙንም ከሰላቱ ሊያነብ ይችላል። ልቡ የደከመ ሰው ሩኩዕ ሲያደርግ ወይም ጫማውን ለማሰር ጎንበስ ሲል በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ ካጠረው ብዙ ጊዜ በልብ ውስጥ ግፊት መጨመሩን ያመለክታል። በዳላስ ያሉ ሐኪሞች ይህን ምልክት በ102 ሕመምተኞች ላይ አጥንተው በ2014 እ.ኤ.አ. ስም ሰጥተውታል። እናታችሁ ትናንት በደህና ሩኩዕ ያደርጉ ከነበረና ዛሬ ካቃታቸው ለሐኪም ንገሩ። ከሱጁድ ሲነሱም ቀስ ይበሉ፤ መድኃኒቶቹ የደም ግፊት ስለሚቀንሱ ራስ ያዞራል። መቆም ላልቻለ ተቀምጦ መስገድ የተፈቀደለት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ይህ ግን ለማይችል ሰው የተሰጠ ገርነት ነው፤ የሚችለውን ሰው በግድ የምናስቀምጥበት አይደለም። ጾምን በሚመለከት ረመዷን ሳይገባ ሐኪሙን ማማከር ግድ ነው፤ በራስ ፈቃድ ኪኒን ማቋረጥ አይቻልም።

ቅር የሚለው ቢኖርም ስለ ጫት ሳንናገር አናልፍም። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ከዙህር እስከ መግሪብም ያስቀምጣል። ልቡ ለደከመ ሰው ሁለቱም አይበጁም። ጨውን ከቡና አፍልቶ መጠጣትም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ እህታችን እንመለስ። እህታችን፣ እናትሽን በዚህ ሳምንት ሐኪማቸው ዘንድ ይዘሻቸው ሂጂና በግልጽ ‹‹እንዲራመዱ ይፈቀዳል ወይ? የልባቸው በርስ እንዴት ነው?›› ብለሽ ጠይቂ። ከተፈቀደ፣ እናትሽ ጎዳና መውጣት ቢከብዳቸው ግቢያችሁ ይበቃል። ሙስበሓቸውን ያዙላቸው፤ ግቢውን አንድ ጊዜ በዞሩ ቁጥር አንድ ፍሬ ይሳቡ። መጀመሪያ ሦስት ፍሬ፣ በሳምንቱ አምስት። አንዷ ልጅ በአጠገባቸው ትሂድ፤ ክንዳቸውን አትጎትት፣ ከፊትም አትቅደም፤ ወሬ ታጫውታቸው። የውዱእ ውሃውን አልጋ ላይ ማቅረብ ተዉ፤ ተነስተው ይሂዱበት፤ መንገዱን ግን ከሚያዳልጥ ነገር አጽዱላቸው። ሊጠይቁ ለሚመጡ ጎረቤቶችም ‹‹ሐኪም ያዘዘላቸው ነው›› ብላችሁ አስረዱ፤ አለበለዚያ በየቀኑ ያስፈራሯቸዋል።

አባታችን ልባቸው አልዳነም። እስከ መጨረሻው ደካማ ነበረች፤ ኪኒናቸውንም እስከ መጨረሻው ወስደዋል። ነገር ግን በአራተኛው ወር ዐስርን መስጂድ ሄደው በጀመዓ ሰገዱ። ዳገቱ ግማሽ ላይ አንድ ድንጋይ ነበረች፤ ሲመለሱ እዚያች ላይ ያርፋሉ። ሰፈሩ ስለለመደው ልጆች ድንጋይዋ ላይ ተቀምጠው ሲጫወቱ ሰዓቱ ሲደርስ ራሳቸው ይነሱላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖረዋል።

እህታችን፣ ስልካችን የታወቀ ነው። እናትሽ ስንተኛው ፍሬ ላይ እንደደረሱ ደውለሽ ንገሪን። ሌሎቻችሁም በየቤታችሁ ያለውን ላኩልን፤ ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ዝግጅታችን ከሐኪም ጋር ሆነን ጥያቄዎቻችሁን እናነሳለን።